«ታሪክሽን ንገሪን» ብለውኛል፤ ምን ብዬ ልመልስ?

የሌሊት ፈረቃ (ኮሎራዶ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከሌሊት ሥራ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው የምጽፈው፤ ቢረዝምባችሁ ታገሡኝ።

የምኖረው ከዴንቨር ወጣ ብሎ ነው። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ፤ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ጎናቸው እንዳይቆስል አገላብጣለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት በእኔ ተራ ካሉት ክፍሎች በአንዱ የ91 ዓመት እናት ነበሩ። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚወስዷቸው ጎረቤት ታመው ሲቀሩ፣ ፈረቃዬን አስረክቤ በተሽከርካሪ ወንበራቸው እየገፋሁ አደረስኳቸው። ሩቅ አይደለም፤ ሁለት የትራፊክ መብራት ተሻግሮ ነው። ለአንድ ቀን ብዬ የጀመርኩት ዓመት ከመንፈቅ ዘለቀ።

ቤተ ክርስቲያኑ የዩኒቴሪያን ዩኒቨርሳሊስቶች ነው። ለማታውቁት፣ ዩኒቴሪያንና ዩኒቨርሳሊስት የሚባሉ ሁለት የቆዩ የአሜሪካ እምነቶች እ.ኤ.አ. በ1961 ተዋሕደው ነው ይህ ስም የመጣው። አባል ለመሆን የሚደገም ጸሎተ ሃይማኖት የላቸውም። በእግዚአብሔር የሚያምነውም፣ የለም የሚለውም፣ አይሁዳዊ ሆኖ ያደገውም አንድ ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ። እኔ ያደግኩት በኦርቶዶክስ ቤት ነው፤ ዛሬም የምጸልየው እናቴ እንዳስተማረችኝ ነው፤ እዚያ ማንም ተይ አላለኝም። መጀመሪያ ሰሞን ግን ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጬ «ይሄ ቤተ ክርስቲያን ነው ወይስ ስብሰባ?» እያልኩ ነበር የማሳልፈው።

ልቤን የያዘው ሻማው ነው። በየሳምንቱ ደስታ ወይም ኀዘን ያለበት ሰው ይወጣና አሸዋ የሞላ ሳህን ላይ ሻማ ተክሎ አንድ ሁለት ነገር ይናገራል። «ልጄ መጠጥ ከተወ ዛሬ ስድስት ወሩ ነው።» «የባለቤቴ ምርመራ ጥሩ አልመጣም።» ማንም አይመክርም፣ ማንም አያጨበጭብም፤ ዝም ብለው ይሰማሉ። ከዚያ በሳምንቱ ውስጥ አንዱ ምግብ ይዞ በራቸውን ያንኳኳል። እኚያ እናት ያረፉ ጊዜ በመታሰቢያቸው ዕለት ልጃቸው ተነሥታ፣ ስሜን ሳታጣምም ጠርታ ሻማ እንድለኩስ ጋበዘችኝ። ከዚያ ወዲህ የምገፋው ወንበር ባይኖርም መሄዴን አልተውኩም። ባለፈው ዓመት የአባላት መዝገብ ላይ ፈረምኩ።

ስለ ሥራቸውም ልንገራችሁ። መጠለያ ያጡ ቤተሰቦችን ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ጋር እየተፈራረቅን እናሳድራለን፤ የእኛ ተራ በዓመት አራት ሳምንት ነው። ልጆች የሚማሩባቸው ክፍሎች ጠረጴዛቸው ይወጣና ታጣፊ አልጋ ይዘረጋል። ቤተሰቦቹ እሁድ ማታ ይገባሉ፣ በሚቀጥለው እሁድ ወደ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ይሻገራሉ። የእኔ ቦታ እዚያ ነው። አልጋ ማንጠፍ እንጀራዬ ስለሆነ፣ አንሶላ እንዳይሸሽ ጥጉ እንዴት እንደሚታጠፍ ለጡረተኛ አስተማሪዎችና ለአንድ የቀድሞ ዳኛ ያሳየሁት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ አንድ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ አልጋው ላይ እጁን ጭኖ «ይሄ ነገም የኔ ነው?» አለኝ። እስከ እሁድ ያንተ ነው አልኩት። ሌላ ምን እለዋለሁ።

በወር አንድ እሁድ ደግሞ ከተሰበሰበው መባ ግማሹ ለውጭ ይሰጣል፤ አንዱን ወር ለቤት ኪራይ ርዳታ፣ አንዱን ወር ለስደተኞች ጠበቃ። የማይጥመኝ ነገርም አለ። የማኅበራዊ ፍትሕ ኮሚቴው አንድ መግለጫ ላይ «እናወግዛለን» ይባል ወይስ «እናዝናለን» በሚል ሁለት ሰዓት ሲከራከር ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ሌሊት ከቤተሰቦቹ ጋር የሚያድር ሰው ጠፍቶ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ኤፕሪል ላይ ለስደተኞች የተመደበ እሁድ አለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ከአገልግሎት በኋላ በቡናው ሰዓት ያዙኝና «ሰባት ደቂቃ እንሰጥሻለን፤ ታሪክሽን ንገሪን፤ ከአንቺ የተሻለ ማን ይናገራል?» አሉኝ። ላስብበት አልኩ። በሳምንቱ ስመጣ ኮሪደሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። አልጋ ሳነጥፍ የተነሣሁት ፎቶ ነው። ከሥሩ «ስደተኛዋ ወዳጃችን ትናገራለች» ይላል።

ስሜ የለም። አንሶላውን በወዲያ በኩል ይዞልኝ የነበረውም ሰው ከፎቶው ላይ ተቆርጧል፤ እጁ ብቻ ቀርቷል።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ጥገኝነቴ ከተፈቀደልኝ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ከደመወዜ ለጉባኤው ቃል የገባሁትን በየወሩ እከፍላለሁ፤ በዓመታዊው ስብሰባ እጄን አውጥቼ ድምፅ እሰጣለሁ። «ወዳጃችን» የሚለው ቃል ከውጭ እንደመጣ እንግዳ ነው የቆጠረኝ። ከሌሎቹ ጎን ሆኜ አልጋ የማነጥፍ ሰው መሆን ነው የምፈልገው።

ሌላም ነገር አለ። ታናሽ ወንድሜ ጉዳዩ ገና ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ነው፤ ቀጠሮው ሴፕቴምበር ላይ ነው፤ ምስክሩም እኔ ነኝ። የእሱና የእኔ ታሪክ የአንድ ቤት ታሪክ ነው።

እምቢ ብል እነሱን አስቀይማለሁ፤ እሺ ብል ለራሴ ይከብደኛል። እንዲህ ያለ ቤተ ክርስቲያን የምታውቁ ካላችሁ ምከሩኝ።

ተርጓሚዋ (ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያውቁ ይንገሩሽ። እኔ ስለ ወንድምሽ ብቻ ልናገር። ለኢሚግሬሽን ጠበቆች ስተረጉም 12 ዓመቴ ነው።

አገልግሎታችሁ በቀጥታ ይተላለፋል? ከኮቪድ ወዲህ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ዩቲዩብ ላይ ይለቁታል፤ እዚያው ይቀራል። ምስክር ከሆንሽ ደግሞ ያንቺ ቃል ከወንድምሽ ፋይል ተለይቶ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሪል አይዲ አክት የሚባለው ሕግ ዳኛው የአመልካቹንም የምስክሩንም ቃል እንዲያስተያይ ይፈቅድለታል፤ መቼም ይነገር፣ በመሐላም ይሁን ያለ መሐላ። የተገኘው ልዩነት የጉዳዩ እምብርት ላይ ባይሆን እንኳ ሊይዘው ይችላል።

ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የት እንደሚገኝ ልንገርሽ፤ ቀን ላይ ነው። የእኛ ሰው የቤቱን ነገር የሚያስታውሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። «አባታችን የታሰሩት ጥር ላይ ነው» ይላል፣ ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ ተብሎ ይጻፋል፤ ጥር 25 ግን ፌብሩዋሪ ገብቷል። ዓመቱም እንዲሁ ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ሰባት ይደመራል፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። በወረቀት ላይ ተጠንቅቀው ያስተካከሉትን ሰዎች፣ በቃል ሲናገሩ ሲያፈርሱት በዓይኔ አይቻለሁ። አንቺ መድረክ ላይ እንባ እየተናነቀሽ «ከሰባት ዓመት በፊት» ስትዪ ማን ያሰላልሻል?

ስለዚህ ለጠበቃው ነገ ደውዪና «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ቤታችን ልናገር ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን ከእሱ አፍ ስሚ። ሌላው፣ እንግሊዝኛሽ የቱንም ያህል ቢበረታ ለወንድምሽ እንዳትተረጉሚ። የአሳይለም ኦፊስ (የጥገኝነት ማመልከቻ የሚያየው ቢሮ) ቃለ መጠይቅ ላይ አስተርጓሚ ይዞ የሚሄደው አመልካቹ ነው፤ ምስክሩ የሆነ ሰው ግን አስተርጓሚው መሆን አይችልም። የእናንተ ጉዳይ ፍርድ ቤት ስለሆነ አስተርጓሚ የሚያቀርበው ራሱ ፍርድ ቤቱ ነው።

ቤተ ክርስቲያንሽ የሚረዳበት መንገድ ግን አለ። ከ2025 ሜይ ወዲህ ከችሎት ወጥተው ኮሪደር ላይ የሚያዙ ሰዎች አሉ። ሁለት ጸጉራቸው የሸበተ ሰዎች ከአንድ ልጅ ግራና ቀኝ ሲቀመጡ አይቻለሁ። አይጮኹም፣ ማንንም አይገፉም። ሰዓቱን ይጽፋሉ፣ የጠበቃውንና የቤተሰቡን ስልክ ይዘዋል፣ የሚወስደውን መድኃኒት ያውቃሉ፤ አንድ ነገር ቢፈጠር ወዲያው ይደውላሉ። ልጁ በኋላ የነገረኝ ያን ዕለት ጉልበቱ ያልተንቀጠቀጠው በእነሱ እንደሆነ ነው። ችሎቱ ውስጥ ይግቡ አይግቡ የሚለውን ጠበቃው ይወስን፤ የጥገኝነት ችሎት አመልካቹ ከጠየቀ ዝግ ይሆናል።

የድሮ ሰው (ዳላስ)

ልጄ፣ እንደምን አደርሽ። እኔ የ74 ዓመት ሰው ነኝ፣ የተዋሕዶ ልጅ። ጸሎተ ሃይማኖት የሌለበትን ቤት ቤተ ክርስቲያን ማለት ይከብደኛል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ መዋሸት ይሆንብኛል። የጠየቅሽው ግን እሱን አይደለምና ወደ ጥያቄሽ ልግባ።

እኔ እ.ኤ.አ. በ1982 ከሱዳን ነው የመጣሁት። የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ ነው፤ አብያተ ክርስቲያናት አንዳንድ ቤተሰብ እየያዙ ስፖንሰር ያደርጉ ነበር። እኛንም አንድ ቤተ ክርስቲያን ተቀበለን። ቤት ተከራዩልን፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አስገቡልን፣ ኮት አለበሱን። በሦስተኛው እሁድ መድረክ ላይ አቆሙን። እኔ ተናገርኩ። እንግሊዝኛዬ ስብርባሪ ነበር፤ በረሃውን፣ ውኃ ጥሙን፣ መንገድ ላይ የቀረ ወንድሜን ተናገርኩ። ሰዉ አለቀሰ። ሲያልቅ አንድ ሰው መጥቶ የማተሚያ ቤት ሥራ ሰጠኝ፤ በዚያ ሥራ አራት ልጅ አሳደግኩበት። ስለዚህ መናገር ፋይዳ የለውም የሚሉሽን አትስሚ። ሰው የሚራራው ላወቀው ነው።

ባለቤቴ ግን ከጎኔ ቆማ ነበር። ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም። እኔ ስጨርስ ፓስተሩ ማይኩን ወደ እሷ አዞሩት። መንገድ ላይ በእሷም የደረሰ ነገር ነበር፤ እኔ ራሴ ያኔ ሙሉውን አላውቅም ነበር። አንድ ቃል አልወጣትም፤ ማይኩን እያየች ቆመች። ያን ዕለት ማታ የሰጧትን ኮት አውልቃ፣ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ ወዲያ ያንን በር አልረገጠችም። ሰዎቹ ምን ሆና ነው እያሉ ወራት ጠየቁኝ። ሥራ ይዛ ነው እያልኩ መለስኳቸው።

አሁን እሷ አርፋለች። እነዚያን ደግ ሰዎች እውነቱን ሳልነግራቸው መቅረቴ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ቢያውቁ ኖሮ ከእኛ ቀጥሎ ያመጡትን ቤተሰብ ባላቆሙት ነበር። እሱንም አቆሙት፤ የተረጎምኩላቸውም እኔ ነኝ።

እምቢ ካልሽ፣ ልጄ፣ ለምን እምቢ እንዳልሽ ንገሪያቸው። ዝም ብለሽ አትቅሪባቸው።

የኋላ ወንበር (ማሳቹሴትስ)

አባታችን ከላይ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እግዜር ይስጥልኝ።

እህቴ፣ እኔ በዚሁ እምነት ውስጥ 19 ዓመቴ ነው፤ በጉባኤያችን ሐበሻ እኔ ብቻ ነኝ። የደረሰብሽን አውቀዋለሁ። እኔን ደግሞ በየዓመቱ በማርቲን ሉተር ኪንግ እሁድ ጽዋውን፣ በየአገልግሎቱ እሳት የሚበራበትን የእምነታችንን ምልክት፣ እንድለኩስ ይጠሩኝ ነበር፤ በሌላው እሁድ ማንም አይጠራኝም። አራተኛው ዓመት ላይ ለሚኒስተራችን፣ ለሰባኪያችን ማለቴ ነው፣ ነገርኳት። ቀን መቁጠሪያዋን አውጥታ እያየች ፊቷ ሲቀላ አየሁ። አስባው አታውቅም ነበር። በዚያው ዓመት በጀት የሚያወጣው ኮሚቴ ውስጥ ገባሁ፤ እውነቴን ነው፣ የምፈልገው ቦታ እሱ ነበር።

ይህ እምነት የሚኮራባቸው ስሞች አሉት፤ የሚያፍርበትም ታሪክ አለው፤ ሁለቱንም ብታውቂ ለንግግርሽ ይጠቅምሻል። በ1965 ኪንግ ለጥቁሮች የመምረጥ መብት ሰልፍ ከሚደረግባት ከአላባማዋ ከተማ ከሰልማ ጥሪ ሲያደርግ ብዙ ሚኒስተሮቻችን ሄዱ። ማርች 9 ማታ ሦስቱ ራት በልተው ሲወጡ ተደበደቡ፤ ጄምስ ሪብ በሁለተኛው ቀን ሞተ። ማርች 25 ደግሞ ቫዮላ ሊውዞ ተገደለች፤ የዲትሮይት ጉባኤ አባል፣ የአምስት ልጆች እናት ነበረች። ሊውዞ ሰልማ ላይ ንግግር አላደረገችም። መኪናዋን ይዛ ሄዳ ሰልፈኞችን ስታመላልስ ነው የተገደለችው። ከሁለቱም በፊት በፌብሩዋሪ በፖሊስ ጥይት የሞተው ጥቁሩ ዲያቆን ጂሚ ሊ ጃክሰን ነው፤ እሱ የእኛ አባል አልነበረምና ስሙ በስብከታችን ውስጥ ከእነሱ ያነሰ ይሰማል። ይህ ራሱ አንድ ነገር ይነግርሻል።

የሚያፍርበት ደግሞ ይኸውና። በ1968 ክሊቭላንድ ላይ የተሰበሰበው ጠቅላላ ጉባኤ ለጥቁሮች ጉዳይ በአራት ዓመት አንድ ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ድምፅ ሰጠ። ብዙ ሳይቆይ ገንዘብ አጠረን ተባለና ክፍያው እንዲለጠጥ ተደረገ። በዚያ ክርክር ብዙ ጥቁር አባላት ትተው ሄዱ፤ ብዙዎቹ አልተመለሱም። የጉባኤዎቻችን ኅብረት የሆነው የማኅበሩ ቦርድ ለጥቁር ዩኒቴሪያን ዩኒቨርሳሊስቶች ድርጅት 5.3 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል የገባው በ2016 ነው፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ። እናም የእኛን ሰዎች እንባቸውን ካየሽ በኋላ በጀታቸውንም እዪ። ኤፕሪል ላይ የሚሰበሰበው መባ ወዴት ነው የሚሄደው? ለጠበቃ የተያዘ መደብ አለ? ካለ ስንት ነው?

ይህን ለመጠየቅ ደግሞ ሙሉ መብት አለሽ። በእኛ ዘንድ ጳጳስ የለም። የማሳቹሴትስ የቀድሞ አብያተ ክርስቲያናት ስለ አስተዳደራቸው ከጻፉት ከ1648ቱ የኬምብሪጅ ስምምነት ጀምሮ ጉባኤው የአባላቱ ነው፤ ሚኒስተሩን በድምፅ የሚጠሩት፣ በጀቱን የሚያጸድቁት እነሱ ናቸው። ቦስተን ያለው ማኅበር ሊያዛቸው አይችልም። መዝገቡ ላይ ከፈረምሽበት ቀን ጀምሮ ያንቺ ድምፅ ከመሥራቾቹ ልጆች ድምፅ ጋር እኩል ነው።

እዚያው ዴንቨር ያለው ፈርስት ዩኒቴሪያን ሶሳይቲ በ2017 ጄኔት ቪዝጌራን ከአገር ልትባረር ስትል ምድር ቤቱ ውስጥ አስጠልሏት ነበር። የኢሚግሬሽን ፖሊስ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ከመግባት እንዲቆጠብ የሚያደርገው መመሪያ በ2025 ጃንዋሪ ሲሻር ደግሞ ማኅበራችን ከሌሎች የሃይማኖት ድርጅቶች ጋር ሆኖ መንግሥትን ከሷል። ይህን የምልሽ ሰዎችሽ ከባድ ነገር ቢጠየቁ የሚሸሹ አለመሆናቸውን እንድታውቂ ነው። የሚከብድ ነገር ጠይቂያቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። በየእሁዱ የምንለኩሰውን ጽዋ በምልክትነት የሣለልን ሐንስ ዶይች የሚባል ኦስትሪያዊ ነው። ራሱ ከናዚ ሸሽቶ ሊዝበን ገብቶ፣ እዚያ ስደተኞችን ያወጣ ለነበረው የዩኒቴሪያን የአገልግሎት ኮሚቴ በ1941 የሣለው ነው። በታሪካችን ውስጥ ሠዓሊ ተብሎ፣ በስሙ ነው የተጻፈው።

የሌሊት ፈረቃ (ኮሎራዶ)

ሦስት ሳምንት ጠፋሁባችሁ። የእኛ የማሳደር ሳምንት ደርሶ ነበር፤ ከሥራ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ሥራ፣ ያውም የሰው አልጋ።

ጠበቃው ያለው ተርጓሚዋ እንዳለችው ነው፤ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ስለ ቤታችን ምንም፣ ስም ሳይጠቀስም ቢሆን። እህቴ፣ ባለውለታዬ ነሽ። ቀኖቹንም እንደገና አስተያየናቸው፤ አንዱ ተዛብቶ አገኘነው፤ ጠበቃው እያስተካከለው ነው።

ሰብሳቢዋን ያገኘኋቸው እሁድ ማታ አልጋ ስናጣጥፍ ነው። ማስታወቂያውን ከግድግዳ ነቅዬ ይዤ ነበር የሄድኩት። የወንድሜን ጉዳይ ነገርኳቸውና «ይገባኛል፣ ይቅር» አሉ። እዚያ ላይ ባቆም ይቀለኝ ነበር፤ ሰበብ አገኘሁ ማለት ነው። ግን አባቴ የጻፉት ትዝ አለኝ። «የወንድሜ ጉዳይ ባይኖርም እንደዚህ ብላችሁ ባትጽፉ ደስ ይለኝ ነበር» አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ ተከላከሉ፤ «እኮ እንድትከበሪ ብዬ ነው» አሉ። ከዚያ የባለቤትዎን ታሪክ፣ ማን እንደሆኑ ሳልጠቅስ፣ ስለ ማይኩና ስለ ኮቱ ነገርኳቸው። ይቅርታ ሳልጠይቅዎ ነው ያደረግኩት። የታጠፈው አልጋ ላይ ቁጭ አሉና ማስታወቂያውን ከእጄ ወስደው ብዙ አዩት። «ይሄ የተቆረጠው ባለቤቴ ነው» አሉ በመጨረሻ። የቆረጡት ራሳቸው ናቸው፤ ለጽሑፉ ቦታ እንዲበቃ ብለው።

ኮሚቴው እንደዚያ ቀላል አልሆነም። ሰባት ናቸው፤ ሁለቱ «ሰው ታሪክ ካልሰማ አይነቃነቅም» ብለው ተሟገቱኝ፤ አንዷ እኔ ባለሁበት «በጣም ተቆጥታለች» አለች። አልተቆጣሁም ነበር። እስካሁን ያልወጣልኝ እሱ ነው።

ያም ሆኖ ሰባቱ ደቂቃ ለእኔ ሆነ። ሰዎቹ በስሜ፣ «የማሳደር ሳምንት አስተባባሪ» ብለው አስተዋወቁኝ። ስለ ራሴ አንድ ነገር አልተናገርኩም። የያዝኩትን ወረቀት አነበብኩ፦ በየሌሊቱ ሁለት አዳሪ ያስፈልጋል፣ ባለፈው ተራ ሦስት ሌሊት አንድ ሰው ብቻውን አድሯል። ለፍርድ ቤትና ለኢሚግሬሽን ቀጠሮ ጠዋት መንዳት የሚችል፣ በበረዶም ጭምር፣ ያስፈልጋል። የዛሬው መባ ግማሹ ለስደተኞች ጠበቃ እንዲሆን ቦርዱ ወስኗል፣ ከዚህ በኋላ ግን በየዓመቱ በበጀት ውስጥ የራሱ መደብ እንዲኖረው በሜይ ስብሰባ ላይ ሐሳብ አቀርባለሁ። ወንድሜ ከማሳቹሴትስ፣ ይህ ያንተ ነው። ስለ ቫዮላ ሊውዞ መኪናም አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ።

አሥራ አንድ ሰው ለመንዳት ተመዘገበ። ከአሥራ አንዱ ሦስቱ በበረዶ አንነዳም ብለዋል፤ ይሁን። የቀድሞው ዳኛ ለወንድሜ ቀን እኔ ልቀመጥ ብለውኛል። ዳኛ መሆናቸው ችግር ያመጣ ይሆን? የክልል ፍርድ ቤት ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ተርጓሚዋ፣ አደራ መልሽልኝ።

አባቴ፣ እርስዎን የምጠይቅዎት ሌላ ነው። ያን እሁድ ለባለቤትዎ ሻማ ተከልኩላቸው። ተራዬ ደርሶ አፌን ስከፍት ስማቸውን እንደማላውቅ ትዝ አለኝና «ዝም ላሉ አንዲት እናት» ብዬ ተቀመጥኩ። ደስ አላለኝም።

ተርጓሚዋ (ቨርጂኒያ)

የተዛባውን ቀን አሁን ማግኘታችሁ ትልቅ ነገር ነው። ስለ ሰውየው፣ አብሮ ለመቀመጥ የቀድሞ ሥራቸው የሚከለክል አይመስለኝም፤ ግን ለጠበቃው አስቀድማችሁ ንገሩት፣ እሳቸውም እዚያ ሲደርሱ የቀድሞ ማዕረጋቸውን ለማንም አያንሡ። መታወቂያ ይያዙ፣ ቀደም ብለው ይድረሱ፤ ፍተሻው ሰልፍ አለው። የወንድምሽን ሙሉ ስምና የኤ ቁጥሩን (ኢሚግሬሽን የሰጠውን መለያ ቁጥር) በወረቀት ጽፈው ኪሳቸው ውስጥ ያድርጉ፤ ስልክ ብቻ ላይ አይተማመኑ። አንቺ ምስክር ስለሆንሽ እስክትጠሪ ውጭ ልትቆዪ ትችያለሽ፤ ስለዚህ እሳቸው ብቻ አይበቁም፣ አንድ ሰው ካንቺም ጋር ይቀመጥ።

የድሮ ሰው (ዳላስ)

ልጄ፣ ስሟን በውስጥ መልእክት ልኬልሻለሁ። አጠራሩንም ለሰዎቹ እንዲመቻቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፌዋለሁ።